ዘጌ ላይ ልጆች ድምፅ ሲሰጡ

ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም ነው የሚሄደው። እኔን የጠራኝ እዚያ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። «ናና ልጆቹ ሲከራከሩ ስማ» ብሎኛል።

ትምህርት ቤቱ ከቡናው ጫካ ጥግ ነው፤ የመንግሥት ነው። አርብ ስለነበር ስድስተኛ ክፍል ስብሰባ ተቀምጧል። አጀንዳው ቡና ለቀማ ነው። በለቀማ ወቅት ቤተሰብ ልጆቹን ይፈልጋል፣ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ከቅጣት ሌላ ምን ይደረግ?

አንዱ «ጠዋት ለቅመን ከሰዓት እንማር» አለ። አንዷ ተነሥታ «ከሰዓት ውሃ የምንቀዳው እኛ ነን። ይሄ ለወንዶች ብቻ ነው የሚመቸው» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣ፦ ለቀረ ልጅ የሚያስጠናው ጓደኛ ይመደብለት። ሁለት የኒዶ ጣሳ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ልጆቹ እየተሰለፉ አንድ አንድ ጠጠር ጣሉ። ጓደኛዬም ተራውን ጠብቆ ጣለ። አንድ ጠጠር ብቻ! እኔን ደስ ያሰኘኝ እሱ ነው።

ልጆች እንዲህ ድምፅ የሚሰጡበት ትምህርት ቤት ሌላም አገር አለ። እንግሊዝ አገር ያለው ሰመርሂል የሚባል ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1921 የተመሠረተ ነው። በስብሰባ ላይ የተማሪውም የመምህሩም ድምፅ እኩል ነው፣ ክፍል መግባትም በፈቃድ ነው። ግን ይከፈልበታል። እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ አሜሪካ ኮሎራዶ ያለው ጄፈርሰን ካውንቲ ኦፕን ስኩል ነው፤ የመንግሥት ነዋ! ለመመረቅ ተማሪው ራሱ ያቀዳቸውን ስድስት ትልልቅ ሥራዎች ይጨርሳል። አንዱ ተግባራዊ ሙያ ነው፣ አንዱ ፈጠራ፣ አንዱ ጀብዱ ሳይቀር።

ለእኛም ነገሩ ጭራሽ ባዕድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ መምህሩን መርጦ አገር አቋርጦ ይሄዳል። የራሱን ቅኔ ካልዘረፈ ተማረ አይባልም። የጎደለው ድምፅ ነው፤ የኔታ ያሉት አይነካም።

ጓደኛዬን የሚያስጨንቀው የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ነው። «ክርክር ማንም አይፈትናቸውም» አለኝ። የአርቡን ሰዓት ለሒሳብ ማካካሻ ሊያደርገው እያሰበ ነው። አልተዋጠልኝም። የውሃው ነገር ቢሮ ውስጥ ቢወሰን ኖሮ ለማን ትዝ ይለው ነበር? «ቢያንስ እሱንም ልጆቹ ይወስኑ» አልኩት። ለሚቀጥለው አርብ አጀንዳ አድርጎ ያዘው።