44 ተማሪዎችን ይዤ ወደ ጎሮ

የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ 44 የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘን ከደብረ ብርሃን ተነሣን። ከእኔ ሌላ የአይሲቲ መምህሩና አንዲት የሒሳብ መምህርት አብረውን ነበሩ። ብርዱ አጥንት ድረስ ስለሚገባ ብዙዎቹ ልጆች ጋቢ ተከናንበው፣ እናቶቻቸው የቋጠሩላቸውን ቆሎና ዳቦ ይዘው ነበር አውቶቡሱ ውስጥ የገቡት። የምንሄደው አዲስ አበባ፣ ጎሮ አካባቢ ባለው አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ወደሚገኝ፣ ለባንኮችና ለአነስተኛ ብድር ተቋማት ሶፍትዌር ወደሚሠራ ኩባንያ ሲሆን፣ ዓላማችንም እንዲህ ባለ ቦታ ምን ምን ዓይነት ሥራ እንዳለ ልጆቹ በዓይናቸው እንዲያዩ ነበር።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በመስከረም ነው። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «በቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ምን ምን ይሠራሉ?» ብዬ በወረቀት እንዲጽፉልኝ ጠየቅኋቸው፤ ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም አንድ መልስ ጻፉ፦ ኮደር (የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው)። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በስልካቸው ተከታትለው ምስክር ወረቀት የያዙ ልጆች በመካከላቸው ስላሉ በመልሱ አልተገረምኩም። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። «እኔ ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ ስላልሆንኩ እዚያ ቦታ የለኝም» ብለው የጻፉ ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዷ የኤሌክትሪክ ዑደት ጥያቄ ስሰጥ ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ የምትሠራ ተማሪ ናት። እንደተሳሳተች ጠርጥሬአለሁ፤ ነገር ግን እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ኩባንያ ውስጥ ገብቼ ስለማላውቅ ጥርጣሬዬን የማስረዳበት ነገር አልነበረኝም።

ለበርካታ ድርጅቶች ደብዳቤ ጽፈን ከአብዛኞቹ መልስ አላገኘንም። እሺ ያለን ይህ አንዱ ኩባንያ ከ50 ሰው በላይ ማስተናገድ እንደማይችል ስለነገረን፣ ከ170 በላይ ከሚሆኑት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን 44ቱን በዕጣ ለየን። ዕጣ ያልወጣላቸው ልጆች በዚያን ዕለት ከክፍል ሲወጡ የነበራቸው ፊት መንገዱን ሁሉ ከዓይኔ አልጠፋም።

ጫጫን፣ ሸኖንና አለልቱን አልፈን ሰንዳፋ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ለገጣፎ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ብዙ ቆመን፣ በአያት በኩል ዞረን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ፓርኩ በር ደረስን። መታወቂያ አሳይተን፣ ስልኮቻችንን ለጥበቃዎቹ አስረክበን ገባን።

መጀመሪያ የወሰዱን ወደ ሶፍትዌር ፈታሾች ክፍል ነው። የፈታሽ ሥራ ፕሮግራመሮች የጻፉት ነገር ደንበኛው እጅ ከመግባቱ በፊት ጉድለቱን ፈልጎ ማግኘት ነው። ያስረዳችን ወጣት ሴት ዩኒቨርሲቲ የተማረችው አካውንቲንግ መሆኑን ስትነግራቸው አንዳንዶቹ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ለማስተማሪያ ያስቀሩትን አንድ አሮጌ የብድር ቅጽ ከፍታ፣ በመክፈያው ቀን ቦታ «ጳጉሜን 6 ቀን 2015» ብላ ሞላች። ፕሮግራሙ በቀይ ቀለም ቀኑ ትክክል አይደለም አለ። «እስቲ ልጆች፣ የተሳሳተው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ፕሮግራሙ?» ብላ ጠየቀች።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከኋላ ከቆሙት አንዱ፣ ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ዲያቆን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፕሮግራሙ ነው፤ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ነበረች» አለ። እንዴት እንዳወቀ ስትጠይቀው «ባሕረ ሐሳብ የኔታ አስተምረውኛል» ብሎ መለሰላት። ወደ ፊት ጠርታ ማርከሩን ሰጠችው። እሱም 5500 ላይ 2015ን ደምሮ 7515 አገኘ፤ ለ4 አካፈለና ቀሪው 3 ሆነ፤ ቀሪው 1 ሲሆን ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ማርቆስ፣ 3 ሲሆን ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ መሆኑንና ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በሉቃስ መጨረሻ መሆኑን ጻፈ። ሴትየዋ ሰሌዳውን በጥሞና ካየች በኋላ ስሕተቱ የተፈጠረበትን ምክንያት አስረዳችን። ፕሮግራመሩ የፈረንጁን ደንብ ልማድ ይዞ «ለ4 ያለ ቀሪ የሚካፈል ዓመት ብቻ አንድ ቀን ይጨመርለታል» ብሎ ስለጻፈ፣ ፕሮግራሙ ቀኗን ከ2015 ወስዶ ለ2016 ሰጥቷት ነበር። በየቀኑ ወለድ በሚታሰብበት ብድር ላይ የአንድ ቀን ስሕተት በእያንዳንዱ ተበዳሪ ሒሳብ ላይ ይገባል። ልጁ ወደ ቦታው ሲመለስ ጓደኞቹ መንገድ ለቀቁለት። ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ አይቼው አላውቅም።

እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላም ነገር አሳየችን። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በአራት መንገድ ጻፈች፦ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ። ለእኛ አንድ ሴት ናት፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። አንድ የባንክ ሠራተኛ በ«ፀ» የመዘገባትን ደንበኛ ሌላው በ«ጸ» ቢፈልጋት አያገኛትም። ሞክሼ ፊደላቱ በፍለጋ ጊዜ እንዲገናኙ ሠንጠረዡን ያዘጋጀው አማርኛ በዲግሪ የተማረ ሰው ነው። በዚያ ዕለት ሥራ ላይ ስላልነበረ አላገኘነውም፤ ጠረጴዛው ላይ ግን መዝገበ ቃላት ተደርድሮ አየን።

ቀጥሎ ለደንበኞች የሚላኩ አጭር መልእክቶችን ከሚያዘጋጅ ወጣት ጋር ተቀመጥን። እኔ ከሁሉ ይበልጥ የተማርኩት ከእሱ ነው። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት፣ ማለትም 1120 ቢት ነው (ቢት የኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ መለኪያ ናት)። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ምልክት ይገባል። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጥ መስፈርት) የራሱን ቁጥሮች አግኝቷል፤ በአጭር መልእክት ሲላክ ግን እያንዳንዱ ምልክት 16 ቢት ይፈጃል። ወጣቱ እዚህ ላይ አቁሞ «ስንት ይገባል?» ሲል ተማሪዎቹ 1120ን ለ16 አካፍለው 70 አሉ። ከ70 አንድ ምልክት ካለፈ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ክፋይ የሚይዘው 67 ብቻ ሲሆን ወጪውም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ሰው የዕለት ሥራ ትርጉሙ ሳይጎድል፣ ክብሩም ሳይነካ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከ70 በታች ማውረድ ነው። «ውድ ደንበኛችን» የሚለው ብቻ ከነክፍት ቦታው 9 ይወስዳል። ልጆቹን አንድ የ84 ምልክት መልእክት ሰጥቶ እንዲያሳጥሩ ሲያዛቸው በቡድን በቡድን ሆነው በጣታቸው እየቆጠሩ ተከራከሩ፤ ግማሾቹ «ውድ»ን ማውጣት ነውር ነው ብለው ሌላ ቃል ፈለጉ። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ በላቲን አምስት የሚፈጀው «ሰላም» በእኛ ሦስት መሆኑን ያስተዋለችው የሒሳብ መምህርታችን ነበረች።

ምሳ በፓርኩ ውስጥ ባለ ምግብ ቤት የጾም በየዓይነቱ በላን። ከሰዓት በኋላ የሰው ኃይል ኃላፊው ስለ ቅጥር፣ ስለ ሥራ ልምምድና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ስለሚሰጠው የመውጫ ፈተና ነገሩን። ጠቃሚ ነበር፤ ሆኖም ልጆቹ የምሳ ድካም ይዟቸው ስለነበር ብዙም አልጠየቁም።

የነቁት ሰርቨሮቹ፣ ማለትም መረጃ የሚያከማቹትና የሚያሰራጩት ኮምፒውተሮች፣ ያሉበት ክፍል ስንገባ ነው። ክፍሉን የሚጠብቁት ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ቴክኒሽያን ናቸው። ቀዝቃዛው አየር ከፊት ገብቶ በጀርባ ሞቆ እንደሚወጣ ለማሳየት፣ ያችን የኤሌክትሪክ ዑደት የምትወድ ተማሪዬን ጠርተው እጇን መጀመሪያ ከፊት፣ ከዚያ ከኋላ አስያዟት። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። ጣሪያው ጨለመ፤ በመደርደሪያዎቹ ላይ ያሉት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ግን እንደነበሩ ብልጭ ድርግም ማለታቸውን ቀጠሉ። ሰውየው ሳይረበሹ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ 11 ላይ ሲደርሱ የጄኔሬተሩ ድምፅ ከውጭ ተሰማና መብራቱ መጣ። በእነዚያ 11 ሰከንዶች ውስጥ ሰርቨሮቹን የያዙት ባትሪዎቹ ናቸው። ከዚያም መዝገባቸውን ከፍተው ሰዓቱንና የነዳጁን መጠን በእስክሪብቶ ጻፉ።

ልጅቷ «ባትሪዎቹ የተያያዙት በተከታታይ ነው ወይስ በትይዩ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «በተከታታይ ነው ልጄ፤ አርባ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 12 ቮልት» አሏት። ወዲያው «480» አለች። ሰውየው ፈገግ ብለው የባትሪውን ክፍል በር ከፈቱላትና ከገመዱ አጠገብ ምን መንካት እንደሌለባት፣ አንዱ ባትሪ ሲዳከም ሙሉው ሰንሰለት እንዴት እንደሚታመም ለብቻዋ ያህል አስረዷት። እሳቸው የተማሩት በቴክኒክና ሙያ ነው፤ ዲግሪያቸውን የያዙት ሥራ ላይ እያሉ በማታ ትምህርት ነው። መውጣት አለብን ስንባል ሁለቱ ገና ስለ ምድር ገመድ ይነጋገሩ ነበር።

ስንመለስ አብዛኞቹ ልጆች እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሸኖን እንዳለፍን ልጅቷ ከኋላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ቲቸር፣ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ በኋላ ዩኒቨርሲቲ መማር ይቻላል?» አለችኝ። ሰውየው ያደረጉት እንደዚያው መሆኑን አስታወስኳት። የሄዱበትን መንገድ በደብተሯ ጽፋ ይዛው ነበር፤ የጠየቀችኝ ከእኔም ለመስማት ይመስለኛል።

ሰኞ ዕለት 44ቱን ከቀሩት ጋር ቀላቅለን አስቀመጥናቸው። ዲያቆኑ ሰሌዳ ላይ ባሕረ ሐሳቡን ሲያስተምር የአይሲቲ መምህሩ፣ በቤተ ሙከራችን በሚሠሩት 18 ኮምፒውተሮች ላይ፣ ተማሪዎቹ ስሌቱን ወደ ፕሮግራም እንዲለውጡ አደረገ። ብዙዎቹ ቡድኖች መጀመሪያ ያንኑ ስሕተት ሠርተው ስድስተኛዋን ቀን ለ2016 ሰጡ። ዕጣ ያልወጣላቸው ሦስት ልጆች የተቀመጡበት ኮምፒውተር ግን ለ2015 «6» የሚል ቁጥር አወጣ። ቀጥለው 2019ን አስገቡ፤ እሱም 6 ሆነ፤ ዲያቆኑም በእጁ አስልቶ ትክክል ነው አላቸው።