ቁርጭምጭሚቴን ምን ነካው?

ዛሬ ጠዋት ኮዬ ፈጬ ካለው ኮንዶሚኒየም፣ ከአራተኛ ፎቅ ደረጃውን እየቆጠርኩ ወረድኩ። አልወደቅኩም፣ አልተጋጨሁም። ግን ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቼ አብጠው ውጥር አድርገው ያሙኛል። ጎረቤቴ እትዬ «ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ጋ ሂጂ» አሉኝ። ሁለት እግር ባንዴ ወለም ይላል እንዴ?

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ እግሬን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘችው። ስትለቀው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፣ ልክ እንደ ሊጥ። «ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» የደም ግፊት፣ አምሎዲፒን። እሱም እግር ያሳብጣል አለችኝ፤ «ግን በራስሽ እንዳታቋርጪው!» ለልብም ለኩላሊትም ምርመራ አዘዘችልኝ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ባት ቢያም፣ ቢሞቅ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳይታሽ ቶሎ ሐኪም ጋ ነው።

አሁን እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው የምጽፈው። እትዬ ለማሻ ብለው ቅቤ ይዘው መጡ። ለሽሮው ይሁንልኝ አልኳቸው።