ኤፒው ተሻገረ፣ ላፕቶፑ ቀረ

ሦስት ሳምንት የታገልኩበትን ነገር ላካፍላችሁ። ኤፒዎቹን (ዋይፋይ የሚያሰራጩትን ዕቃዎች) የሚያዝዙ ሁለት የዋይፋይ ኮንትሮለሮች አሉን። አንዱ ኤፒዎቹ ባሉበት ሕንፃ፣ ሌላው ርቆ ዳታ ሴንተር ውስጥ። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው፤ የቅርቡ ከወደቀ ኤፒዎቹ ወደ ሩቁ ይዙሩ።

የመጀመሪያው ሳምንት በዝግጅት አለቀ። ዕቃዎቹ የሲስኮ ናቸው፤ በየኤፒው ላይ የአንደኛና የሁለተኛ ኮንትሮለር ስምና አይፒ ይሞላል። አንዱ ኤፒ ግን የቅርቡን ትቶ ሩቁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ግማሽ ቀን በላኝ። ለካ መጻፍ ያለበት ኮንትሮለሩ ላይ የተሰጠው ስም ራሱ ነው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንኳ ይለያል። እኔ አንዷን ፊደል አሳንሻታለሁ።

ፋየርዎሉ ላይ ለካፕዋፕ (ኤፒና ኮንትሮለር የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ዩዲፒ ፖርት 5246 እና 5247 ተከፈቱ፤ የፊተኛው ለቁጥጥር፣ የኋለኛው ለዳታ። የኮንትሮለሮቹን የሶፍትዌር ቨርዥንም አንድ አደረግኩ። ካልተመሳሰለ ኤፒው አዲሱ ጋ ሲደርስ ሶፍትዌር አውርዶ ሪስታርት ያደርጋል። ያ ሁሉ ኤፒ በአንዴ በዋን (ሕንፃውን ከዳታ ሴንተሩ በሚያገናኘው) መስመር ሲያወርድ አስቡት።

የሙከራው ምሽት መጣ። የቅርቡን ኮንትሮለር ፓወር ነቀልኩ። ኤፒው ወዲያው አይነቃም። ሰዓቱን ካልነካችሁት ኮንትሮለሩን «አለህ?» የሚለው በየ30 ሰከንዱ ነው። መልስ ሲያጣ በ3 ሰከንድ ልዩነት 5 ጊዜ ይደጋግማል፤ ተስፋ የሚቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ስልኬ ሙሉ ሲግናል ያሳያል፣ አንድ ገጽ ግን አይከፍትም። ኤፒዎቹ በነበሩበት ሎካል ሞድ በሚባለው አሠራር የተጠቃሚው ዳታ በሙሉ በታኔል (በካፕዋፕ ተጠቅልሎ) ወደ ኮንትሮለሩ ነዋ የሚሄደው። ሰዓቱን ማሳጠር ይቻላል። እኔ ግን መስመሩ በተንገጫገጨ ቁጥር ኤፒዎቹ እንዳይሰደዱ ብዬ ተውኩት።

ኤፒዎቹ አንድ በአንድ ሩቁ ላይ ብቅ ሲሉ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ስክሪንሾት ሁሉ ላክሁ። ከዚያ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

ምንም የለም።

የሠራተኞቹ ዋይፋይ ጭራሽ አያስገባም። ሩቁን ኮንትሮለር ራዲየስ ሰርቨሩ (የሚገባውን ሰው ማንነት የሚያረጋግጠው) ላይ አላስመዘገብኩትም ነበር። ራዲየስ ደግሞ የማያውቀው ሲጠይቀው «አይሆንም» እንኳ አይልም፤ ጭጭ ነው። ይህን ካስተካከልኩ በኋላ መግባት ተቻለ፤ አይፒ ግን የለም። ሩቁ ላይ ያ ዋይፋይ የታሰረበት ቪላን (ለብቻው የተከፈለ የኔትወርክ ክፍል) አይፒ የሚያድል ዲኤችሲፒ አልተዘጋጀለትም። እሱንም አዘጋጀሁ። አሁን ደግሞ በቋሚ አይፒ የተቀመጠው የዋይፋይ ፕሪንተር ጠፋ፤ ያረፈበት ሳብኔት (የአይፒ ክልል) ሌላ ነው። በኬብል የተያያዘው ፕሪንተር ይሠራል፣ ግን ከእኔ አምስት እርምጃ ርቆ ሳለ ፋይሉ ዳታ ሴንተር ደርሶ ነው የሚመለሰው። እኔ ያቀድኩት ለኤፒዎቹ ነበር። ተጠቃሚው የት ቪላን እንደሚያርፍ ዕቅዴ ውስጥ አንድ መስመር አልነበረውም።

ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት መንገዱን ቀየርኩ። ኤፒዎቹን ፍሌክስኮኔክት ወደሚባለው ሞድ አዞርኩና የሠራተኞቹን ዋይፋይ ሎካል ስዊቺንግ አደረግኩ። አሁን ዳታው እዚያው ስዊቹ ላይ ይወርዳል፤ ወደ ኮንትሮለሩ የሚሄደው ቁጥጥሩ ብቻ ነው። ላፕቶፑ አይፒ አይቀይርም፣ ፕሪንተሩም አለ። ሁለቱም ኮንትሮለሮች ቢጠፉ እንኳ የገባው ሰው አይወጣም። በነፃ ግን አልመጣም። የኤፒዎቹን የስዊች ፖርቶች በሙሉ ትራንክ (ብዙ ቪላን የሚያሳልፍ) ማድረግ ነበረብኝ፤ አሰልቺ ሥራ ነው። ወደ ኮንትሮለሩ የሚወስደው መስመርም ደርሶ መልሱ ለዳታ ከ300 ሚሊሰከንድ፣ ለድምፅ ከ100 መብለጥ የለበትም። በዚህ በኩል የእኛ ችግር የለበትም።

አንድ ነገር ላይ ከጓደኛዬ ጋር አልተስማማንም። እሱ የቅርቡ ሲነሳ ኤፒዎቹ በራሳቸው ይመለሱ ይላል። እኔ አጥፍቼዋለሁ። ኮንትሮለሩ እየተነሳ እየወደቀ ቢያስቸግር ኤፒዎቹም አብረው ሲመላለሱ ያድራሉ። እኔው አይቼ፣ ሰው ሲቀንስ በእጄ ብመልሳቸው ይሻለኛል።

የእንግዶቹ ዋይፋይ ገና በታኔል ነው፤ ወደ ውስጥ ኔትወርክ እንዲወርድ አልፈለግኩም። የዋይፋይ ስልኮቹን በሚቀጥለው ሳምንት እየተናገርኩባቸው የቅርቡን ኮንትሮለር ፓወር እነቅላለሁ። ይህን የሞከረ ካለ ስንት ሰከንድ እንደተቋረጠበት ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።