ከክርስትናው እስከ መንዝ

ሰላም ናችሁ? ጥቅምት 16 ከወለድኩ ወዲህ እዚህ ምንም ሳልጽፍ ከረምኩ። "ደህና ነሽ ወይ?" እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ሁሉ እግዜር ያክብርልኝ። ደህና ነን። ቤታችን ግን ከገና ጀምሮ እንግዳ ተለይቶት አያውቅም፤ እንግዳው ሲቀንስ ደግሞ እኛው ተነስተን የሰው ቤት እንግዳ ሆንን።

ገናን ቤት ነው ያሳለፍኩት። ሴት የወለደች 80 ቀን እስኪሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባምና ባለቤቴ ትልቋን ይዞ ሄደ፣ እኔ ከሕፃኗ ጋር ቀረሁ። የደብረ ብርሃንን የታህሳስ ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ጠዋት ተነስታችሁ ግቢውን ስታዩ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ። ጠያቂ ሁሉ "ቤቱን አሙቂላት፣ ከሰል አስገቢ" ይለኛል። አላስገባሁም። የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፣ ለሕፃን ደግሞ ይብሳል። በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አቅፌያት ውዬ አድር ነበር።

ክርስትናዋ ጥር 6 ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተደረገ። ሌሊት ነው የወጣነው። ውሃው ሲነካት ጮኸች፣ ከዚያ ክርስትና እናቷ እቅፍ ውስጥ ስትገባ ጸጥ አለች። ማተቧን ሳይ እንባዬ መጣ። ዘመዶች ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድተው መጥተው ቤቱ ሞላ። እማማ ግን፣ የባለቤቴ እናት፣ አልመጡም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ድረስ መኪና ላይ መቀመጥ አይችሉም። ስልክ ላይ "ሳላያት እንዳልሞት ብቻ" አሉኝ። ይሄ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ጥምቀትን ከትልቋ ጋር ታቦት ሸኝተን፣ ሁለት አክስቶቼን ጠይቀን፣ አንድ ለቅሶ ደርሰን ሳምንቱ አለቀ። ከዚያ "መንዝ እንሂድ" አልኩ። ከዐቢይ ጾም በፊት መሆን ነበረበት፣ እማማ ለልጆቹ በግ ሳያርዱ አይሆንላቸውማ። ሰው ሁሉ ተቃወመ። "የሦስት ወር ልጅ ይዘሽ በጥር መንዝ?" ባለቤቴ እንኳን አመነታ። እኔ ግን አሮጊት ሰው "ልያት" ብሎ ሲለምን ብርድ ምክንያት አይሆንም ብዬ ቆረጥኩ።

ከጓደኛችን መኪና ተውሰን ወጣን። ጣርማበር ላይ ዋናውን የደሴ መንገድ ትተን ወደ መዘዞ ታጠፍን። ጓሳ፣ የመንዙ ሰፊ የሣር ምድር ስንደርስ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ትልቋ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ስታይ "ቆስለው ነው? ማን መታቸው?" ብላ ማልቀስ ጀመረች። አባቷ አፈጣጠራቸው እንደሆነ፣ ከኢትዮጵያ ውጪም በዱር እንደማይገኙ ነገራት። ዳቦ ልወርውርላቸው ስትል ግን ከለከልናት፤ ምግባቸው ሣር ነው፣ የሰው ዳቦ ባይለምዱ ይሻላቸዋል።

ባለቤቴ ጓሳን ሲያይ ወሬ አያልቅበትም። ቄሮ በሚባለው የድሮ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፣ የጓሳ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ይከፈትና ሰው አጭዶ ቤቱን ይከድናል፣ ገመዱን ይገምዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ አሁን ግን ያገሬው ሰው ራሱ ተደራጅቶ ይጠብቀዋል። ያን ሁሉ ሣር በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ እያየሁ፣ እንኳን ጠበቁት አልኩ።

እማማ በራፍ ላይ ተቀምጠው ነበር የጠበቁን። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ እንደነበሩ ጎረቤት ነገረን። ሕፃኗን ሲቀበሉኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ግንባሯን ስመው እትፍ እትፍ ብለው "እደጊ፣ ተመንደጊ" እያሉ መረቋት፣ እሷም ዓይኗን አፍጥጣ አየቻቸው። ባለቤቴ ወደ ጓሮ ዞረ፣ እንባውን እንዳናይ።

ከዚያ ባና አወጡ። ማርገዜን ከሰሙ ጀምሮ ከገዛ በጎቻቸው ፀጉር ሲፈትሉ ነበር፣ ሸማኔው ገና በገና ሰሞን አድርሶላቸው። ከባድ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ጭስ ጭስ ይሸታል። ሦስት ሌሊት ሕፃኗ እሱን ለብሳ ከእማማ ጎን ተኛች። በዚያ ብርድ አንዴም አላስነጠሳትም።

ከተመለስን በኋላ ግን ጉንፋን ያዛት፣ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ አነጋሁ። "አላልንሽም?" ያሉኝ ብዙ ናቸው። አሁን ድናለች። ነገም ቢሆን እወስዳታለሁ።

ትልቋ እዚያ አንዲት ግልገል ወዳ ነው የመጣችው። ማታ ማታ ስልኩን ከእጄ ቀምታ "እማማ፣ ግልገሌ ደህና ናት?" ትላለች። ለፋሲካ እንዳትታረድ ቃል አስገብታቸዋለች። እማማም "እሷማ የአንቺ ናት፣ ማን ይነካታል" ብለዋታል።