በስሜ ጻፍልኝ

እናቴ የቀበሌ መታወቂያ ሳይኖራት የመሬት ደብተር ነበራት። አማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት ሲመዘገብ የባልና የሚስት ስምም ፎቶም እኩል ነበር የሚገባው። ለደንበጫ ገበሬ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ ቀበሌ የሚመላለሰው አባቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ማሳ ለማከራየት የእሷም ፊርማ፣ ማለቴ የጣት አሻራዋ፣ የግድ ሆነ። ቀበሌ ደጋግማ ስትሄድ ዓይኗ ተከፈተ። ማዳበሪያው ለማን እንደደረሰ መጠየቅ ጀመረች። ስለ ሴቶች ተሳትፎ ከሰማሁት ዲስኩር ሁሉ ያቺ ጉርድ ፎቶ ትበልጥብኛለች።

ስብሰባው ግን ሌላ ጉድ ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዋርካው ሥር ይጠራል። ወንዶቹ ጥላውን ይይዛሉ፤ ሴቶቹ ዳር ላይ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው። ነገሩ ሲረዝም ጥጃው፣ ምሳው እያሉ አንድ በአንድ ይነሳሉ። ዋናው ውሳኔ የሚመጣው ታዲያ ያኔ ነው።

አንድ ጊዜ በውኃ ፓምፑ ቁልፍ ጭቅጭቅ ተነሳ። እናቴ «ከሚቀዱት ሴቶች አንዷ ትያዘው» አለች። ማንም ከቁብ አልቆጠራትም። ትንሽ ቆይተው አንድ ሽማግሌ ያንኑ ደገሙት። «ጥሩ ሐሳብ!» ተባለ፤ ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው የእሳቸው ስም ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል እሰማለሁ፤ ተጽፎ በማኅተም ሲጸድቅ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሪፖርቱማ ያምራል። ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል ተብሎ ለወረዳ ይላካል። ማን ተናገረ የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ተመርጣ የገባችም ብትኖር ሴቶች ጉዳይ ላይ ትመደባለች፤ ወይ ገንዘብ ያዥ ትሆናለች። ገንዘቡን ያምኗታል፣ መሬትና ፀጥታን ግን ወንድ ይያዘው ነው ነገሩ።

ሕጉ አልከለከለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ እኩልነቷን ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። በ2011 ዓ.ም. ሴት ርዕሰ ብሔር ተሹመው፣ የካቢኔው ግማሽ ሴት ሲሆን እናቴ በሬዲዮ ሰማች። «ታድለው! የእኛ ሊቀመንበር ግን ያው ናቸው» አለችኝ።

በሌላ ስብሰባ ከመናገሯ በፊት ወደ ጸሐፊው ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ይሄን በስሜ ጻፍልኝ።»

ጻፈ። «የአቶ እገሌ ባለቤት» ብሎ።