ላፕቶፔን ያንበረከከው የውሃ ኳስ

«ምን ትሠራለህ?» ሲሉኝ «ሞገድ ውሃን ሲመታ ወዴት እንደሚበተን አሰላለሁ» እላለሁ። ብዙዎቹ ቀላል ነገር ይመስላቸዋል። ብረት ቢሆን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። ሞገዱ ብረት ውስጥ አይገባማ!

ውሃ ግን ያስገባዋል። 2.45 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም የዋይፋይና የማይክሮዌቭ ምድጃ ሞገድ፣ አየር ላይ ርዝመቱ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የውሃ ፐርሚቲቪቲ (ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገይና እንደሚያሳጥር የሚያሳየው ቁጥር) እዚህ ፍሪኩዌንሲ ላይ ወደ 77 ስለሆነ፣ ውስጥ ሲገባ 1.4 ሴንቲሜትር ይሆናል።

የምጠቀመው የገጽ ኢንቴግራል ኢኩዌሽን ነው፤ ስሌቱን በነገሩ ገጽ ላይ ብቻ የሚሠራ ቀመር። ዙሪያውን ያለውን አየር በሜሽ (በትንንሽ ቁርጥራጮች መረብ) መሙላት የለብኝም። የኳሱን ገጽ ብቻ በሦስት ማዕዘኖች እሸፍናለሁ። በተለመደው አሠራር የሦስት ማዕዘኑ ጎን የሞገዱ ርዝመት አንድ አሥረኛ ይሆናል። የውስጡ ሞገድ ወይስ የውጪው? ጉዱ ያለው እዚህ ነው፤ አጭሩን ነው መከተል ያለብን።

10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ኳስ እንውሰድ። በውጪው ሞገድ ብንለካ 500 ገደማ ሦስት ማዕዘን ይበቃዋል፣ ማትሪክሱም (ኮምፒውተሩ የሚፈታው የቁጥሮች ሰንጠረዥ) 34 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በውስጡ ሞገድ ግን ሦስት ማዕዘኖቹ ወደ 37,000 ይጠጋሉ፣ ማትሪክሱም 200 ጊጋባይት ገደማ ይጠይቃል። ያው አንድ ኳስ ነው እኮ!

ሜሞሪውን ግሪንጋርድና ሮክሊን በ1987 ያወጡት ፋስት መልቲፖል የተባለው ስልት (ራቅ ያሉትን ክፍሎች በቡድን በቡድን የሚያሰላው) ያቃልለዋል። ዋናው ጣጣ ሌላ ነው፤ የትኛውን ኢኩዌሽን እንምረጥ?

አንዱ ፒኤምሲኤችደብሊውቲ ይባላል። የስድስት ሰዎች ስም መነሻ ፊደላት ናቸው፤ የዋይፋይ ፓስወርድ ይመስላል። መልሱ ይታመናል፣ ግን ኢቴሬሽኑ (መልሱን ደጋግሞ የማሻሻሉ ዙር) አያልቅም። ሌላው የሙለር ኢኩዌሽን ነው። ማትሪክሱ ጨዋ ስለሆነ ሶልቨሩ (የሚፈታው ፕሮግራም) ቶሎ ይጨርሳል። ታዲያ ብዙ ሰው ወደ ሙለር ቢያዘነብል አይገርምም።

እኔ ውሃ ላይ አላምነውም። በተለመዱት የአርደብልዩጂ ፈንክሽኖች (ሦስት ማዕዘኖቹ ላይ ያለውን ከረንት በሚወክሉት) ሲሠራ፣ የውስጡና የውጪው ፐርሚቲቪቲ ልዩነት በሰፋ ቁጥር ትክክለኛነቱ ይወርዳል። ሬሲዱዋሉ (ማትሪክሱ ሲፈታ የቀረው ስህተት) ታች ወርዶ መልሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ሬሲዱዋል የሚነግረን ማትሪክሱ መፈታቱን እንጂ ማትሪክሱ ራሱ ፊዚክሱን በትክክል መያዙን አይደለም። ደግነቱ ለኳስ ጉስታቭ ሚ በ1908 ያወጣው ትክክለኛ መልስ አለ። የእኛንና የሚን ኩርባዎች አንድ ላይ መሳል ነው፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ሴራሚክ ደግሞ ይብሳል። ውሃ ጉልበት ስለሚበላ ሬዞናንሱን (ሞገዱ ውስጥ ተይዞ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚጎላበትን ሁኔታ) ያደበዝዘዋል። ኪሳራው ትንሽ የሆነ ሴራሚክ ላይ ግን ሬዞናንሱ እንደ ሹል ጫፍ ይቆማል፤ ሜሹ ትንሽ ከሳተ ጫፉ ከቦታው ይሸሻል፣ እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚገኘው መልስ ሌላ ይሆናል።

ስለዚህ ልዩነቱ ሲሰፋ ምርጫዬ ፒኤምሲኤችደብሊውቲ ከካልዴሮን ፕሪኮንዲሽነር (ማትሪክሱን ለመፍታት ቀላል ከሚያደርገው ማስተካከያ) ጋር ነው። ኮዱን መጻፉ ያደክማል፣ እያንዳንዱ ኢቴሬሽንም ይከብዳል፤ ቁጥሩ ግን በደንብ ይቀንሳል። ቅርጹ ኳስ ካልሆነ ሚ አይረዳንም። ያኔ ሜሹን አንድ ደረጃ አድቅቄ እደግመዋለሁ፣ መልሱ ከተንቀሳቀሰ ሪፖርት ውስጥ አላስገባውም።