ባሕሩ የለም

ስልኩ የጮኸው ጥር 20 ቀን 2017፣ ጧት 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን የማልረሳው በምክንያት ነው።

«ልጄ» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው። «ባሕሩ የለም።»

«አቤት?»

«ባሕሩ። የለም።»

የሚደውሉት ከዛንዚባር ነው፤ ጀምቢያኒ ከምትባል መንደር። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፎቶውን ያሳየኋቸውም እኔ። ፎቶው ላይ ባሕሩ የሆቴሉን ደረጃ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

«ምናልባት በሌላ በኩል ይሆን ጋሼ? ከክፍልዎ ስለማይታይ...»

«ዕድሜዬን ውሃ ላይ ጨርሼ ውሃ የት እንዳለ ይጠፋኛል? ሌሊት ድምፁን ሰምቻለሁ። እዚሁ ጆሮዬ ሥር ነበር። ጧት መጋረጃውን ብከፍት አሸዋ ነው። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። ሴቶች ባሕሩ በነበረበት ላይ በእግራቸው እየሄዱ ነው።»

ከኋላ የእትዬ ድምፅ መጣ። «የልጄን ዶላር ትመልስ በላት!»

ያኔ ያደረግኩትን ልናዘዝ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከቢሯችን በዘንባባዎቹ መሃል ጣና ይታያል። ጣና ቦታው ላይ ነው። ዛንዚባር ላይ ባሕር ሲጠፋ ጣናን ማየት ምን እንደሚረዳ አትጠይቁኝ።

ቢሯችን ድሮ ፈረንጅ ወደ ዘጌና ወደ ጢስ ዓባይ በማድረስ ነበር የሚኖረው። ፈረንጁ ሲጠፋ ፊታችንን ወደ ውጭ ጉዞ አዞርን። ዱባይ ለንግድ፣ ሕንድ ለሕክምና፣ መካ ለዑምራ። የባሕር ዳርቻ ዕረፍት የጠየቀን ሰው ግን አልነበረም። ማን ይጠይቃል? የአዲስ አበባ ሰው ውሃ ሲያምረው እኛ ዘንድ ይመጣል። የባሕር ዳር ሰው ባሕር ዳር ልረፍ ቢል የት ይሂድ?

ጋሼ በጣና ትልልቅ ጀልባዎች ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጎርጎራ ደርሶ መመለስ ለእሳቸው እንደ ቅዳሜ ገበያ ነበር። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው እናትና አባቷ የተጋቡበትን 40ኛ ዓመት ሰበብ አድርጋ ደወለችልኝ። «አንድ ሳምንት ከቤት አውጪልኝ። እውነተኛ ባሕር ይዩ። ብቻ ጸጥ ያለ ይሁን።»

እትዬ ደግሞ ቢሮ ድረስ መጥተው የራሳቸውን መስፈርት አስቀመጡ። አንድ ብቻ ነው። «ስፒከር የሌለበት።» ቤታቸው እስኪነጋ ሙዚቃ ከሚያንቧርቅ ቤት ጀርባ ነው። ባሕር ዳር የኖረ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም።

ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ፤ ይህን ልበል። መጀመሪያ ያየሁት የኬንያን ዲያኒን ነው፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ። ለእኛ ፓስፖርት ቪዛ የለውም፤ ወረቀቱ ቀላል ነው። ግን ሆቴሎቹ አካባቢ ጦጣ ብዙ ነው፤ ከሳህን ላይ ምግብ ይነጥቃል። እትዬ ይህን ሲሰሙ «ጦጣ ካማረኝ ዘጌ አለልኝ» ብለው ዘጉት። ቀጥሎ ኑንግዊ፤ የዛንዚባር ሰሜን ጫፍ። አሸዋው ያምራል፣ ግን ማታ ጭፈራ አለ። ስፒከር። ተወው። ከዚያ በደቡብ ምሥራቁ በኩል ጀምቢያኒን አገኘሁ። ረጅም ነጭ አሸዋ፣ የዓሣ አጥማጅ መንደር፣ ትንንሽ ማረፊያዎች። የሄደ ሰው ሁሉ «ጸጥታ፣ ጸጥታ» ብሎ ጽፏል።

ሌላም ነገር ጽፈው ነበር። «ሎው ታይድ»። በየሁለተኛው አስተያየት ላይ አለ።

መዝገበ ቃላት አየሁ፤ ታይድ ማለት ማዕበል ይላል። ሎው ደግሞ ዝቅተኛ ነው። ዝቅተኛ ማዕበል። ከዚህ በላይ ምን ጸጥታ አለ? ባሕሩ ራሱ አይንቀሳቀስም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለጋሼም እንደ ትልቅ ጥቅም ቆጥሬ ነገርኳቸው። «ማዕበሉ ዝቅ ያለ ነው።» ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲያነሣው ያውቁታላ።

አሁን ለእኔ አትፍረዱብኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ባሕር ሲሄድና ሲመጣ የሚጠራበት የዕለት ተዕለት ቃል እንኳ የለንም። አለቃዬ ደግሞ ቢሮ የገባሁ ዕለት የነገሩኝ አንድ ሕግ ነው፦ «ደንበኛ ፊት አላውቅም አይባልም።»

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ ቪዛ፣ ዛንዚባር በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በግድ የምታስከፍለው የ44 ዶላር መድን፤ አንድም አላጎደልኩም። ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ገደማ በረራ፣ ከአየር ማረፊያው አንድ ሰዓት ያህል በመኪና። ሁሉም በሰላም። እስከ ማግስቱ ጧት።

ወደ ስልኩ ልመለስ።

«ጥበቃውን ጠየቅኩት» አሉ ጋሼ። «እንግሊዝኛው እንደ እኔው ነው። በእጄ ወዲያ አሳየሁት፤ መቼ ይመጣል አልኩት። ሣቀና ‹ሳ ቲሳ› አለኝ። አልገባኝም ስለው ጣቱን አነሣልኝ። ቆጠርኩት፣ ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ነው አይደል?»

እዚህ ላይ «አዎ» ብዬ ብዘጋው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

«አይ ጋሼ!» አልኩ። ከአምስት ደቂቃ ድንጋጤ በኋላ የማውቀው ነገር በማግኘቴ ድምፄ ራሱ ተስተካከለ። «በእኛ ሰዓት እንዳይወስዱት። ውጭ አገር ዘጠኝ ሲሉ የእኛን ሦስት ማለታቸው ነው። አሁን ጧት ሦስት አልፏል። ስለዚህ የሚልዎት የማታውን ሦስት ነው።»

«የማታ ሦስት?»

«አዎ።»

«ጨለማ ነው እኮ ልጄ።»

«ሞቃት አገር ነው ጋሼ። ሰዉ የሚዋኘው ማታ ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን ከየት እንዳመጣኋት እስካሁን አላውቅም። አፌ ውስጥ ተገኘች።

ትንሽ ዝም አሉ። «እኔ እንኳ የእኛው ዘጠኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ግን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ይህ ንግግራቸው ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ከእትዬ ቁጣ ይልቅ ይህ።

ምክንያቱም ጋሼ ልክ ነበሩ። የስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፤ ከንጋት። ጧት አንድ ሰዓት ለእነሱም አንድ ነው። ሳ ቲሳ ማለት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የከሰዓት በኋላው፣ የእኛው ዘጠኝ። የሰዓት ክልሉ ራሱ አንድ ነው። የዛንዚባሩ ጥበቃና የጣናው ጀልባ ሠራተኛ ያለ ቋንቋ ፍጹም ተግባብተው ነበር። መሃል ገብቼ ያለያየኋቸው እኔ ነኝ፣ ባሕር ዳር ወንበር ላይ ተቀምጬ።

የሆነው እንዲህ ነው። ባለትዳሮቹ ምሣ በሉ። ፀሐዩ ከረረ። መጋረጃቸውን ዘግተው ተኙ፤ ማታ ለመዋኘት ኃይል ይሁነን ብለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሕሩ መጣ። ልክ እንደ ፎቶው፣ እስከ ደረጃው። ጋሼ በእንቅልፍ ልባቸው ድምፅ ሰምተው ነበር፤ «ነፋስ ነው» ብለው ተገላበጡ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ፎጣና ባትሪ ይዘው ወረዱ። እትዬ ለማርያም ዋዜማ ነጠላቸውን ደርበዋል። ጨረቃ የለችም፤ ማግስቱ አዲስ ጨረቃ የምትወለድበት ቀን ነበር። ባትሪውን ወደፊት አበሩት።

ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ» አሉ ጋሼ። «አሁንም የለም።»

ያን ሌሊት ያነበብኩትን ንባብ ለዩኒቨርሲቲ ፈተና አንብቤ አላውቅም። ሎው ታይድ ማለት ለካ ውሃው ወርዶ ከዳርቻው የሚሸሽበት ሰዓት ነው። ባሕሩን የሚስቡት ጨረቃና ፀሐይ ናቸው። ከሙላት እስከ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ ይከፋል፤ ዛንዚባር ላይ አራት ሜትር ገደማ ይደርሳል። ምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ መሬቱ ዘቅዘቅ አይልም፤ ጠፍጣፋ ነው። ውሃው ሲወርድ እስከ ሩቁ የኮራል አጥር (ባሕር ውስጥ እንደ ድንጋይ ግንብ የቆመ ነው) ድረስ ጥሎ ይሄዳል። ያ አጥር ነው ትልቁን ማዕበል ከሩቅ ሰብሮ ቦታውን ጸጥ የሚያደርገው። ጸጥታውና የውሃው መጥፋት ጎን ለጎን የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ሰሜኑ ኑንግዊ ላይ ውሃው እንዲህ አይርቅም፤ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። ለዚያ ነው ሰዉም ስፒከሩም እዚያ የተሰበሰበው። ከፎቶዎቹ አንዱም ውሃው በሌለበት ሰዓት አልተነሣም። ፎቶ አንሺው ሞኝ ነው?

ጋሼ ይህን ሁሉ በማግስቱ ስነግራቸው በትዕግሥት ሰሙኝና «ጣናም ይሸሻል» አሉ። «ግን በዓመት አንዴ ነው። ከመስከረም ማግስት ጀምሮ ቀስ እያለ፣ እስከ ሰኔ። ይሄ ምን አስቸኮለው?»

ያን ዕለት ጧት ቢሮ ስገባ ነገሩን አጠገቤ ለሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ አወራሁት። እንኳን ሊደነግጥ፣ ከኮምፒውተሩ ዓይኑን አላነሣም።

«ታይድ ነው እኮ» አለ። «ጀምቢያኒ እንደዚያ ነው። እኔም ስሄድ ጫማዬን ይዤ...»

«ሄደሃል?»

«ሆቴሎቹ ጋብዘውን የለ እንዴ? ካቻምና።»

«ፋይሉን ሁለት ሳምንት ስሠራ አጠገቤ ነበርክ!»

«ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ።»

በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሁለት ሰዎች «ታውቂያለሽ» አሉኝ። አንደኛው ስላመነኝ ነው። ሁለተኛው አሁን የክፍላችን ኃላፊ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

በሳምንቱ ተመለሱ። ገንዘብ ይመለስ የሚል ክርክር ጠብቄ ወረቀቴን አዘጋጅቼ ነበር። ጋሼ አንድ ከረጢት ቅርንፉድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ባሕር ውስጥ እርሻ አለ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጥበቃው ጫማ አስለብሷቸው ይዟቸው ወርዷል፤ የባሕር ጃርት እሾህ እግር ይወጋል። ውሃው በተወው ሜዳ ላይ ሴቶች ችካል ተክለው፣ ገመድ ዘርግተው የባሕር አረም ያበቅላሉ። ምዋኒ ይሉታል። ይደርቃል፣ ወደ ውጭ ይላካል፣ ለምግብ ማወፈሪያና ለመዋቢያ ይሆናል። ጋሼ ስለ ውሃው አንድ ቃል አላወሩም። ስለ ገመዱ አሥር ደቂቃ አወሩ። ቋጠሮውን በእኔ የስልክ ቻርጀር አሠሩልኝ። «መደብ መደብ አድርገው ነው የሠሩት። ውሃው ሲመጣ እርሻው ይሸፈናል፤ ሲሄድ ይታረማል። እኛ እምቦጩን መንቀል አቅቶናል፣ እነሱ አረም ዘርተው ይሸጣሉ!»

እትዬን ጸጥታው እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጸጥታ ነው» አሉ። «ባሕሩ እንኳ የለም፣ ማን ይጮኻል?»

አለቃዬ ይህን ሁሉ ከበር ላይ ሆነው ሰሙ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ታሪኩ ሌላ ሆኖ ወጣ። ቢሯችን የደንበኛን የሕይወት ታሪክ አጥንቶ፣ ለባሕረኛ ሰው የባሕር እርሻ የሚታይበትን ቦታ መርጦ እንደ ላከ። ባልደረባዬ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ የውሃውን ሰዓት ሰንጠረዥ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩ። የባሕር ዳርቻ ለሚጠይቅ ሁሉ ጨረቃውንም፣ አጥሩንም፣ 50 ደቂቃውንም አንድ በአንድ አስረዳለሁ። ባለፈው ሰሞን ለጫጉላ የሚዘጋጁ ጥንዶች መጡ። ግማሽ ሰዓት አስረዳኋቸው። ሙሽሪት ፊቷ እየተለወጠ ሄደ። «እንዴ፣ ባሕሩ ይጠፋል?» ብላ እጮኛዋን ጎተተችው። ሁለት እርምጃ ሄደው ባልደረባዬ ፊት ተቀመጡ። እሱ «ባሕሩ ሁሌም አለ» አላቸው፤ ኑንግዊን ሸጠላቸው። ክፋቱ፣ እውነቱን ነው።

የእትዬ ጎረቤቶች ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚመጡት። «ያንን ባሕሩ የሚሄድበትን» ነው የሚሉኝ። ሁለት ቤተሰብ ልኬያለሁ።

ጋሼ ጧት ጧት ወደ ጀልባ ማቆሚያው ሲወርዱ በቢሯችን በር ያልፋሉ። ሥራ የላቸውም፤ ጀልባ ሲወጣ ለማየት ነው። አይገቡም። በመስተዋቱ በኩል ያዩኝና ምርኩዛቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሁለት እጃቸውን ያነሣሉ። አንዷን አውራ ጣት አጥፈው ዘጠኝ ያሳዩኛል። እስክሥቅ ድረስ ከበሩ አይነቃነቁም።